ሽቅቡን ተዉትና ስለ ቁልቁለቱ ጠይቁኝ

«ጋሼ፣ እሷን ይዘህ ወዴት ነው? ወደ ሐኪም ቤት ነው ወይስ ወደ ሙዚየም?»

«ወደ ፖሊስ ጣቢያ። ባጃጅህ በጭስ ሲያሳድዳት ከርሟል፤ ልትከስህ ነው።»

«ትክሰሰኝ! እሷ ጣቢያ እስክትደርስ ይርጋ ያግደዋል።»

ለባጃጁ ልጅ ነጥቡን ሰጥቼ አለፍኩ። አሰላ ከተማ ውስጥ ያረጀች የኤሌክትሪክ ሳይክል ይዞ መውጣት ለአገሩ ሁሉ የመተረብ ፈቃድ ማደል ነው፤ ፈቃዱን ያልተጠቀመበትም የለም። ጎሚስታው፣ ስልክ ጠጋኙ፣ ጋሪ ነጂው፣ ጡረታ የወጡት መምህር፣ ቡና የሚያፈሉት አዴ፣ ሁሉም የየድርሻቸውን ወርውረዋል። እስከ ዛሬ ካቴና በወለቀ ቁጥር ቆም እያልኩ ስመልስላቸው ኖሬአለሁ። ዛሬ ብዕሩ የኔ ነው።

መጀመሪያ ከሳሿን ላስተዋውቅ። የኋላ ጎማዋ መሀል 250 ዋት ሞተር የተቀበረባት፣ ዕቃ መጫኛዋ ሥር 36 ቮልት ባትሪ የታሰረላት፣ በሰው አገር አገልግላ የመጣች ሳይክል ናት። ቀለሟን አትጠይቁኝ፤ እሷም ረስታዋለች። ባትሪው ላይ 10 አምፒር-ሰዓት ይላል። «ይላል» ነው ያልኩት። ባትሪ ላይ የሚጻፈው የልደት ምስክር ወረቀት እንጂ የጤና ምርመራ ውጤት አይደለም።

ጎሚስታው ባያት ቁጥር የሚጠይቀኝ ያው አንድ ጥያቄ ነው። በአገጩ ወደ ጭላሎ እያሳየ «ሽቅብ ትወጣለች?» ይላል። ጭላሎ ማለት እንግዲህ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ ነው።

«እሱንማ አንተም አልወጣኸውም። ተወልደህ ያደግከው ሥሩ አይደል?»

«እኔ ባትሪ የለኝማ!»

«ለዚህ ነዋ እሷ የምትሻልህ። እሷ ሲያልቅባት መብራቷን ታጠፋለች። አንተ ሲያልቅብህ ‹ነገ ተመለስ› ነው የምትለው።»

ለጥያቄው የምር መልስም አለ። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አሰላ ደግሞ 2,400ን አልፋለች። በመካከላቸው 75 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልትና 700 ሜትር ያህል ከፍታ አለ። እኔና ሳይክሌ ተደምረን 110 ኪሎ ብንመዝን፣ ይህንን ክብደት 700 ሜትር ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ 210 ዋት-ሰዓት ይጠይቃል። ሞተሩ በሙቀት የሚያባክነው ሲጨመርበት ወደ 300 ይጠጋል፤ ነፋሱና የጎማው ሰበቃ ገና አልተቆጠሩም። ባትሪው አዲስ ሳለ 36 በ10 ሲባዛ 360 ነበረው። ዛሬ ይህን ቁጥር ፊቱ ብትጠሩበት ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው የሚያየው። ስለዚህ ከአዳማ አሰላ በባትሪ ብቻ ትወጣለች ወይ ላለኝ፣ አትወጣም። አውቶቡስ ጣራ ላይ ስትሆን ግን ማንም አይቀድማት።

ከተማ ውስጥ ሌላ ናት። የባጃጁ ልጅ ይህቺን በደንብ ይስማልኝ፦ በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ በሩብ ያህል ስስ ነው። ቤንዚን የሚያቃጥል ሞተር የሚተነፍሰው ይህንኑ ስስ አየር ስለሆነ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስም። ቆላ ላይ ያለውን ጉልበት ደጋም ላይ ይዞት ይገኛል።

«ታዲያ ገበያው ዳገት ላይ ስትገፋት ያየሁህ ለምንድን ነው?»

«እየገፋኋት አልነበረም። እያጀብኳት ነው።»

የጡረተኛው መምህር ተረብ እንደዚህ በቀላሉ አይመለስም፤ በጥናት የተደገፈ ነው። «ስማ» አሉኝ አንድ ቀን መነጽራቸውን ከፍ አድርገው። «ኃይሌ ገብረሥላሴ ከዚሁ ከአሰላ አፈር ወጥቶ በ2008 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ጨረሰ። አስላው፤ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያለ ባትሪ! ያለ ቻርጀር! የበቆጂው ቀነኒሳ በ2019 እዚያው በርሊን መጥቶ ከዚህ ላይ ሁለት ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ቆረጠ። አንተ ሞተር ላይ ተቀምጠህ ቀጠሮህ ላይ የማትደርስ፣ ምን ትባላለህ?»

«ሌላ አገር ብሆን ባለ ሳይክል ነበር የምባለው፣ ጋሼ። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር መሄድ ሌላው ዘንድ ፍጥነት ነው። እዚህ አርሲ ግን ሕዝቡ የሚመዝነኝ በደራርቱና በቀነኒሳ ነው።»

«ሰበብ ነው!»

«እሺ፣ ኃይሌ ራሱ በኋላ ወዴት እንደሄደ ረሱት? በ2012 ዓ.ም. ክረምት የእሱ ማራቶን ሞተር የሀዩንዳይን የኤሌክትሪክ መኪና እዚሁ አገር ገጣጥሞ አወጣ። ያን የመሰለ እግር ያለው ሰው ወደ ባትሪ ከዞረ፣ ይህን የመሰለ እግር ያለኝ እኔ ምን ላድርግ?»

መምህሩ ብዙ አላሰቡም። «እሱ ይሸጣል፣ አንተ ትገዛለህ። ልዩነታችሁ ይኸው ነው።»

ይቺም ወደ እሳቸው ሂሳብ ትግባ።

አሁን ወደ ዋናው ጠላቴ ልምጣ። ዋናው ጠላቴ የሚተርበኝ ሰው አይደለም፤ የሚያዝንልኝ ሰው ነው። ስልክ ጠጋኙ ወጣት ሳይክሏን ዞሮ ዞሮ ካያት በኋላ እጁን ትከሻዬ ላይ ጥሎ፣ ለቅሶ ቤት እንደመጣ ሰው ድምፁን ቀነሰ። «ጋሼ፣ ይቺ ልጅ 36 ቮልት ላይ ተበድላለች። 48 እናድርጋት።»

«48 ብትሆን ምን ታገኛለች?»

«ፍጥነት ነዋ! የዚህ ሞተር ፍጥነት ቮልቱን ተከትሎ ነው የሚሄደው። በሲሶ ትጨምራለች። 25 የምትሄደው 33 ትሄዳለች።»

ልጁ ሂሳቡ ልክ ነው፤ ይህን አልክድም። የሞተሩ ሽቦም ለትንሽ ጊዜ ይችለዋል። ነገር ግን ሞተሩን የሚያዘው ሳጥን፣ ኮንትሮለር የምንለው፣ በሆዱ ውስጥ ካፓሲተሮች አሉት። እነሱ ላይ ደግሞ የሚችሉት የቮልት ጣሪያ ተጽፏል። 48 ቮልት የሚባለው ባትሪ ሞልቶ ሲወጣ 54.6 ነው። ካፓሲተሩ ላይ 50 ተጽፎ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ቀን ደስታ ነው፣ ሁለተኛው ቀን ጭስ ነው። ሳጥኑም ይቀየር እንበል። ጉልበት ሲጨመር የሞተሩ ፔርኖ የታሰረበትን የብረት አፍ እየፈለቀቀ መዞር ያምረዋል፤ ፔርኖው በዞረ ጊዜ ሽቦዎቹን ሁሉ ቆርጦ ይዞ ነው የሚዞረው። እሱንም የሚገታ ወፍራም ብረት ተቆርጦ ይታሰርለት። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ እንኳ ለልጁ የቀረችኝ አንዲት ጥያቄ ነበረች።

«ከ25 ወደ 33 በስንት ሰከንድ ትደርሳለች?»

«በሦስት፣ በአራት!»

«ከ33 ወደ ዜሮስ?»

ዝም አለ። ስልክ ጠጋኝ ዝም ሲል ማየት ብርቅ ነው።

ፍጥነቱ በሲሶ ሲጨምር ለማቆም የሚጠፋው ጉልበት በሲሶ ብቻ አይጨምርም። በፍጥነቱ ስኩዌር ስለሚያድግ ጭማሪው ሰማንያ በመቶ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ፍሬኑ ግን ያው የድሮው ነው፤ ጎማው አልቆ ብረቱ ቸርኬውን የሚፍቅ፣ ሽቦው ዝጎ በእጅ ጉልበት ሳይሆን በጸሎት የሚሳብ። እንግዲህ አሰላ ላይ ማሻሻል የሚጀምረው ከዚህ ነው። ከቮልቱ በፊት ፍሬኑ። ይህን የምለው ፈርቼ ነው የሚል ካለ፣ አዎ ፈርቼ ነው። ከአሰላ ወደ ኩሉምሳ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ የማይፈራ ሰው ካለ ከጀርባው የጫኑት እህል ነው እንጂ እሱ አይደለም የሚነዳው።

ሰው ሁሉ ሽቅቡን ይጠይቀኛል፤ ስለ ቁልቁለቱ የጠየቀኝ አንድም የለም። ቅድም ያሰላነው 210 ዋት-ሰዓት እኮ ወደ ላይ ስንወጣ ተከፍሎ የቀረ ገንዘብ አይደለም። ስንወርድ ሙሉውን መልሶ ይጠይቃል። ከአሰላ እስከ አዳማ ሲወረድ የሚለቀቀው ኃይል ሁለት ሊትር ተኩል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። (በነገራችን ላይ በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ባቄላ ሲቀቀል የሚያስመሸን ለዚህ ነው።) ሲወረድ ከሚለቀቀው ኃይል ነፋሱና አስፋልቱ ድርሻቸውን ይወስዱ ይሆናል፤ ፍሬን በያዝክባት ቁጥር ግን የቀረው የሚያርፈው አውራ ጣት በምታክል የፍሬን ጎማና በቸርኬው ላይ ነው። ቁልቁለት መጨረሻ ላይ ቸርኬውን በእጃችሁ ነክታችሁ ታውቃላችሁ? አትንኩት።

«ሞተሩ ራሱ አያቆማትም? ኤሌክትሪኩን ወደ ባትሪ ይመልሳል ሲሉ ሰምቻለሁ» አለኝ ጎሚስታው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተረብ ወጥቶ።

የሚመልስ አለ፤ ማግኔቱ በቀጥታ ከጎማው ጋር የተያያዘ ትልቁና ከባዱ ዓይነት። እሱም ቢሆን የሚመልሰው ጥቂት ነው። የኔዋ ግን በሆዷ ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ያሏት ናት፤ ሽቅብ ላይ ጉልበት ትሰጣለች፣ ቁልቁል ላይ ጎማው ብቻውን ይሮጣል፣ እሷ ቁጭ ብላ ታያለች።

«እንደ ቀበሌያችን ኮሚቴ በላት!»

ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም። ጎሚስታው ነው። አድራሻውን ለሚፈልግ ግን አልናገርም።

ለማንኛውም ሥራው ይህን ይመስላል። የፍሬን ጎማ ይቀየራል፤ ከማሽኑ ዕቃዎች ሁሉ ርካሹ እሱ ነው፣ ሰው ግን የሚሰስተው እሱን ነው። ሽቦው ከነቱቦው ይቀየራል፤ አዲስ ሽቦ በዛገ ቱቦ ውስጥ ማስገባት ሙሽራ ጭቃ ቤት ማስገባት ነው። ዲስክ ፍሬን የሚያምረው ሰው መጀመሪያ ብረቷ ላይ የመያዣው ቀዳዳ መኖሩን ይይ፤ በብየዳ የተለጠፈ መያዣ ላይ ነፍሴን አላስይዝም። አንዲትን ነገር ደግሞ ብዙዎች ይንቋታል፦ ከፍሬኑ መያዣ የምትወጣ ቀጭን ሽቦ። ፍሬን በያዝክባት ቅጽበት ሞተሩን የምታጠፋው እሷ ናት። ስትበላሽ ሳይክሏ አልነሳም ትላለች፤ ፈጣኑ ጠጋኝ «ይቺን ብንቆርጣት ትነሳለች» ይላል። ትነሳለች። ከዚያ በኋላ ግን አንተ ስታቆም እሷ ትሄዳለች፤ በትዳር የታየ ነገር ነው፣ በሳይክል ግን አልመክርም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ወደ ባትሪው የምንገባው። ስልክ ጠጋኙን ልጅ እንደገና አገኘሁት፤ ባትሪዋን ፈቶ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቷታል። ውስጡ የእጅ ባትሪ ድንጋይ የሚመስሉ ሴሎች ናቸው። አሥር ቡድን ሆነው በተከታታይ ተያይዘዋል። እያንዳንዱ ቡድን ሲሞላ 4.2 ቮልት፣ በድምሩ 42። ባትሪ ማለት እቁብ ነው። ዘጠኙ አባላት ከፍለው አንዱ ካልከፈለ፣ የእቁቡ ዳኛ ስብሰባውን ይበትነዋል። ዳኛው ቢኤምኤስ የሚሏት አረንጓዴ ሰሌዳ ናት። ሳይክሏ ገና በግማሽ መንገድ ድርግም የምትለው ባትሪው ሁሉ ስለሞተ አይደለም፤ አንዱ ቡድን ከሌሎቹ ቀድሞ ስለወደቀና ዳኛዋ «በቃ» ስላለች ነው።

«መፍትሔው ቀላል ነው» አለ ልጁ። «ዳኛዋን እናልፋታለን። በቀጥታ።»

«አንተ እቁብ ትጥላለህ?»

«እጥላለሁ።»

«ዳኛ በሌለበት?»

«እብድ ነኝ እንዴ!»

ሳቀና ሽቦውን አስቀመጠው። ሊቲየም ያለ ልክ ሲሞላ ወይም ያለ ልክ ሲራቆት ሊከተል የሚችለው እሳት ነው፤ በውሃ ቶሎ የማይጠፋ፣ ጠፋ ሲሉት የሚነሳ። የሞተው ቡድን ተለይቶ ይወጣል፣ የሚተካው ሴል በዓይነትም በአቅምም ከቀሩት ጋር ተመዛኝ መሆኑ በቴስተር ይለካል። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ሴልም ተለክቶ ደህና ከሆነ ይሠራል። አዲስና አሮጌ ዝም ብሎ ማደባለቅ ግን አዲሱን በአሮጌው ማስረጀት ነው። ቻርጀሩም ስሙ ይነበብ፤ ለ36 ቮልት የሚሆነው 42 የሚል ነው። ሶኬቱ ስለገጠመ ብቻ የጎረቤትን 54.6 የሚሰካ ሰው፣ ጎረቤቱን ቀድሞ ይሰናበት።

«ለምን የመኪና ባትሪ አትጭንባትም?» አለ አንድ አላፊ፤ እዚህ አገር አላፊ ሁሉ መካኒክ ነው።

«እሱን ከጫንኩባት እኔ የት ልቀመጥ?»

የመኪና ባትሪ ለአንድ አፍታ ሞተር አስነስቶ እንዲያርፍ የተሠራ ነው፤ ሙሉ ቀን ተራቁቶ እንዲሠራ ቢያስገድዱት ቶሎ ይሞታል። ለሳይክል የሚሆን የእርሳስ ባትሪም አለ፤ 12 ቮልቶቹ ሦስት ሆነው ሲያያዙ 36 ይሆናሉ። ርካሽ ነው፣ በየሱቁ ይገኛል። ክብደቱ ግን ከሊቲየሙ በሦስት እጥፍ ይበልጣል፤ ደግሞም ባዶውን ካሳደሩት ያኮርፋል። ሊቲየምን ባዶውን ማሳደር ይጎዳዋል፣ የእርሳሱን ግን ይገድለዋል። ሠርተው የገቡ ቀን ማታውኑ መሙላት ነው።

ማታ ስል ብርዱ ትዝ አለኝ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጩ እህል ያቃጥላል። ሊቲየም ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ መሞላት የለበትም፤ በብርድ የሚሰጠውም ኃይል ያንሳል። ስለዚህ ባትሪውን ነቅዬ ቤት አስገባለሁ። ባለቤቴ ይህን አይታ ተናገረች፦ «እሱ ቤት ይገባል፣ አንተ ደጅ ትቀራለህ። ቢያንስ እሱ ሲሞላ ያበራል።» ምን ይባላል? ባትሪውን ከአልጋ አርቄ፣ ከበሩም ፈቀቅ አድርጌ፣ ሲሞላ ሳልተኛ እጠብቀዋለሁ። ሁለታችንም ደጅ ከምንቀር አንዱ ቢገባ ይሻላል።

ከፍሬኑና ከባትሪው ቀጥሎ በብዛት የሚመጣው በሽታ መንቀጥቀጥ ነው። እግሬን አሳርፌ ስነሳ ሞተሩ ይርገፈገፋል፣ ይንገጫገጫል፣ ከዚያ ይሄዳል።

«ወባ ናት» አለ ጎሚስታው።

«አሰላ ወባ የት ያውቃል?»

«ከአዳማ ይዛው መጥታ ነዋ!»

በሞተሩ ውስጥ ሆል ሴንሰር የሚባሉ ሦስት ቅንጣቶች አሉ፤ ማግኔቱ በየትኛው ቦታ ላይ እንዳለ ለኮንትሮለሩ ይነግሩታል። አንዱ ዝም ካለ ኮንትሮለሩ በግምት ያዛል፤ በግምት የሚታዘዝ ሁሉ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። ሞተር ከመፍታት በፊት አምስቱ ቀጫጭን ሽቦዎች የሚገናኙበትን ሶኬት ማየት ነው። ጎማውን በእጅ ቀስ እያደረጉ ሲያዞሩ በየአንዱ የምልክት ሽቦ ላይ ቴስተሩ ወደ ዜሮና ወደ 5 ቮልት ካልተመላለሰ፣ ያ ነው ታማሚው። በአብዛኛው ግን ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ሶኬቱ ዝጎ ይገኛል። ክረምቱ ነዋ! የአርሲ ዝናብ እህሉን ያሳምራል፣ ሶኬቱን ያረጥባል። ሽቦ ወደ ሳጥኑ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ዘንበል ብሎ ቢታሰር ውሃው እዚያው ይንጠባጠባል፤ ይህ ነጻ ነው። መኪና አጣቢው ልጅ በትልቁ ቱቦ ሊያጥብልኝ ሲመጣ «ፊቷን ብቻ፣ በጨርቅ» እለዋለሁ። «ሴትዮዋ ኩል ተኩላለች እንዴ?» ይላል። ይበል።

አሁን የጋሪ ነጂው ኦቦ ቀሩ። እሳቸው ሲተርቡ አይጮኹም፤ ፈረሳቸውን ያቆሙና ጢማቸውን ይዘው ይጠይቃሉ።

«የኔ ሣር ይበላል። ያንተዋ ምን ትበላለች?»

«መብራት።»

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ትጾማለች።»

«የኔ አይጾምም» አሉና ፈረሳቸውን መታ መታ አደረጉት።

እዚህ ላይ ታሪክ ጠቀስኩ። «ኦቦ፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴው ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። የኔዋ የምትፈልገው 250 ዋት ብቻ። ሲካፈል እሷን የመሰሉ 20 ሚሊዮን ከ600 ሺህ ሳይክሎች በአንድ ጊዜ ያስነዳል።»

«ታዲያ ትናንት በሻማ ያመሸነው ለምንድን ነው?»

«ሳይክሎቹ በዝተው ይሆናላ።»

ፈገግ አሉ፤ እኔም አሸነፍኩ ብዬ ቀጠልኩ። በጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሄድ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን፣ መጪው ጊዜ የባትሪ መሆኑን፣ ጋሪም ባጃጅም ቀኑ እየመሸበት መሆኑን አወራሁላቸው። እስኪያልቅ ሰሙኝ። ከዚያ ጭላሎን ትክ ብለው እያዩ እንዲህ አሉ፦

«ይህን ወሬ እናውቀዋለን። ካዱም በመጣ ጊዜ መጪው ጊዜ የማሽን ነው ተባለ።»

ካዱ በ1967 እ.ኤ.አ. በስዊድን መንግሥት ድጋፍ እዚህ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት ነው። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አመጣ፣ ለገበሬው የሚሆን የተሻሻለ ማረሻና በሬ የሚስበው ጋሪ ሠርቶ ሞከረ፤ አሰላ ዛሬም የእርሻ መሣሪያ ምርምር ማዕከል ያላት ከተማ ናት። ያው ዘመን ግን የትራክተርም ዘመን ነበር። ማሽኑ እንደሚያዋጣ ያየ ባለመሬት ጭሰኛውን ከመሬቱ አስነሳ። ቦታው ላይ የነበረ ሰው ይህን ሲያነሳ ተረብ አይገባበትም፤ እኔም ዝም አልኩ።

ኦቦ ዝምታዬን አይተው አዘኑልኝ መሰለኝ ሳይክሏን ከላይ እስከ ታች ቃኟት።

«ያንተዋ ግን አታስፈራም» አሉ ልጓሙን እየሳቡ። «ማንንም አታፈናቅልም። ራሷም ከቦታዋ አትነቃነቅ።»

ጋሪው ሄደ። እኔ ከሳሿን ይዤ ቀረሁ። በዚህ ዓይነት ቀን የሚጠገነው ቡና ብቻ ስለሆነ አዴ ዘንድ ገባሁ። ጎሚስታው አለ፣ ስልክ ጠጋኙ አለ፣ የባጃጁም ልጅ መንገድ ዳር አቁሞ ገብቷል። እንግዲህ የሚሰማኝ ጉባኤ ተገኘ ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ የፍሬን ጎማውን፣ የፍሬን ሽቦውን፣ ያቺን የማትቆረጥ ቀጭን ሽቦ፣ ሁለት ሊትር ተኩል ውሃውን፣ የፍጥነቱን ስኩዌር። የባጃጁ ልጅ መሀል ገብቶ «እኔ እንኳ ቁልቁለት ላይ ማርሽ ይዞ ነው የሚያወርደኝ፤ ፍሬኑን ብዙ አልነካውም» ቢል፣ እሱንም ይዤው ስለ ባጃጁ ፍሬን ሌላ ትምህርት ጀመርኩ። አንደኛው ቡና አልቆ ሁለተኛው ቀረበ። ሁለተኛውም ሲኒ ቀዘቀዘ።

አዴ ሦስተኛውን እየቀዱ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«ልጄ፣ ለሳይክሏ ፍሬን ገዝተህላታል። ደግ አድርገሃል። እንግዲህ ሲመችህ ለአፍህም አንድ ግዛለት።»